የእንግዶቹ አፈር

በአርማዝ መንግሥት የነሐስ በር ፊት፣ በጠራራ ቀትር፣ ሙታን ቆመው ታዩ። አይናገሩም፣ አይለምኑም፤ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ተቃጠለችው ሀገራቸው ወደ ዘምቤላ አዙረው ይቆማሉ።

ዘምቤላውያን ጦርነት ሸሽተው አርማዝ ከገቡ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሕዝቧ ያረጀባት ሀገር በእነርሱ ጉልበት ትታረሳለች፤ ከሚወለዱት ዐሥር ሕፃናት ሰባቱ የእነርሱ ናቸው። የሀገሬው ሽማግሌዎች ግን ዛሬም «እንግዶቻችን» ይሏቸዋል፤ ማክበራቸው መስሏቸው። የአርማዝ ምድር ደግሞ የራሷን ልጅ እንጂ እንግዳ አትቀበልም። የቀበሩትን በማግስቱ ትተፋዋለች፤ ማረፊያ ያጣችው ነፍስም በሩ ፊት ትቆማለች።

የበር ጠባቂዋ ልጅ ናርዳ ከሙታኑ መካከል አንዷን ታውቃታለች፤ የዘምቤላዊውን ጎረቤታቸውን የኤልቆርን ልጅ፣ የአራት ዓመቷን ሲልማን። በሕይወት ሳለች አዝላታለች። ኤልቆር ልጁን ሊያቅፍ በቃጣ ቁጥር ክንዱ ባዶ አየር ይጨብጣል። ናርዳ ይህን አይታ እጇን ወደ ሰማይ አነሣች።

«ሰማይ ይስማኝ፣ ምድርም ትስማኝ» ብላ ማለች፤ «ሲልማ አፈር ሳትለብስ ወደዚህች ከተማ አልመለስም።»

የአፈሩን ጌታ፣ ዘንዶውን ሰግደልን ማናገር የሚችለው የሀገሬው ተወላጅ ብቻ ነበርና፣ ኤልቆርን አስከትላ ሄደች። ጭጋግ በዋጠው ገደል ሦስት ቀን ወረዱ፤ ቀድመዋቸው የጠፉ ተጓዦች አጥንት ከእግራቸው ሥር ይሰበራል። ዘንዶው ቅርፊቱ ላይ ሣር በቅሎበት ተኝቷል።

«ምን ፈለግሽ?»

«ለእንግዶቻችን ማረፊያ።»

«እንግዳ ሂያጅ ነው። ለሂያጅ ጉድጓድ አይማስም።»

ኤልቆር አንገቱን ደፋ። ናርዳ አፈረች፤ እርሷም እንደ ሽማግሌዎቹ ተናግራ ነበር፣ ያውም ሳይታወቃት።

«ወገኖቼ ናቸው» አለች።

«እንዲህ ያለኝ የአርማዝ ሰው የለም» አለ ሰግደል። «እቀበላቸዋለሁ። ነገር ግን የዚህች ምድር ልጅ የሆነ አንድ ሰው ቦታውን ይልቀቅላቸው። የለቀቀውን የአርማዝ ምድርም ሰውም አያውቀውም፤ የወለደችው እናት እንኳ።»

ኤልቆር ክንዷን ያዘ። «ተይው፣ እቴ። የእኔ ልጅ አንዴ ሞታለች። እናትሽ ግን በሕይወት አሉ።»

ናርዳ ፈራች። እናቷን ከማንም አብልጣ ትወዳለች። ቢሆንም ዘንዶውን ቀና ብላ አየችው።

«የእኔን ውሰድ» አለች።

ሲመለሱ በሩ ፊት ማንም አልቆመም። ኮረብታው ላይ አዳዲስ መቃብሮች ተደርድረዋል። ኤልቆር ከሁሉም በምታንሰው ጉብታ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ናርዳም እዚያው ትታው ወደ ቤቷ ሄደች።

እናቷ ደጃፍ ላይ ነበረች። አቧራ የለበሰችውን መንገደኛ ከላይ እስከ ታች አየቻትና ውኃ አመጣችላት። ደግ ሴት ናት።

«ግቢ፣ ልጄ» አለቻት። «ከየት ሀገር መጣሽ?»

ናርዳ ውኃውን ተቀበለች። «ልጄ» ለመንገደኛ ሁሉ የሚባል ቃል መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም እንደገና እንድትጠራት ብላ፣ ጥያቄውን ሳትመልስ ቆየች።