አባዬ ሲኮረኮር

«ካልሲዬን ሳላወልቅ አይሆንም?» አለ አባቷ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ።

የእግር ማሳጅ ሠራተኛዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ማውለቅ አለብዎት፣ አባቴ» አለችው። ልጅቷ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አንገቷን ደፋች። አባቷን እዚህ የማምጣቱ ሐሳብ የታላቅ እህቷ ነበር። ሠራተኛዋ የእህቷ ጓደኛ ናት። «አባዬ እግሩ ሲያርፍ ልቡም ይራራል፤ ያኔ ጣል አድርጊለት» ብላ መክራታለች።

ጣል የሚደረገው ነገር ግን ቀላል አልነበረም። ፊዚክስ ወድቃለች፤ መምህሩም ነገ ወላጅ ይዛ እንድትመጣ አዟታል። አባቷ ደግሞ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውልና ፈገግታውን እዚያው ጨርሶ ባዶ ፊቱን ይዞ ይገባል። የትምህርት ነገር ከተነሳማ ቤቱ ይጠባቸዋል።

ማሳጅ ቤቱ ከጫማ መሸጫ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሦስት ወንበር፣ የደበዘዘ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ ሳፋዎች፣ በቃ። አባቷ ግን እግሩን ለብ ያለው ውሃ ውስጥ ሲከት ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ።

ሠራተኛዋ እግሩን በፎጣ አድርቃ፣ ዘይት ቀብታ ማሸት ጀመረች። ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፤ ትንሿ ጣቱ ጫማ ተጭኗት ተጣምማለች። ልጅቷ የአባቷን እግር እንዲህ በቅርብ አይታው አታውቅም።

የሠራተኛዋ አውራ ጣት ውስጥ እግሩን ሲነካው አባቷ ዘለል አለ። ከንፈሩን ነከሰ። ደግማ ስትነካው ግን አልቻለም፤ እንባው እስኪመጣ እንደ ሕፃን ተንከተከተ።

«ኧረ ተዪኝ እህቴ፣ ይኮረኩረኛል!»

ከመጋረጃው ወዲያ እግራቸውን የሚታሹ ሴትዮ ሳይቀሩ ሳቁ። ልጅቷማ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

ሳቁ ሲበርድለት ጭንቅላቱን ደገፍ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። «ዛሬ የፈለግሽውን ጠይቂኝ። እምቢ የምልበት አቅም የለኝም» አለ።

እህቷ ያለችው ሰዓት ደረሰ። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን የአባቷን ፊት አየች፤ የግንባሩ መስመሮች ላላ ብለዋል። እንዲህ ሆኖ ሳለ መንገር፣ የተኛን ሰው ኪስ እንደ መበርበር መሰላት።

«ምንም አልፈልግም፣ አባዬ። ዝም ብለህ እረፍ።»

ብዙም ሳይቆይ ማንኮራፋት ጀመረ።

ሲያበቃ ጫማውን አጠለቀና አብረው ደረጃውን ወረዱ። መጀመሪያ ላይ አረማመዱ ቀለል ብሎት ነበር። ከዚያ የነገው የሥራ ፈረቃ ትዝ ብሎት አጉረመረመ፤ ግንባሩም ተመልሶ ተቋጠረ። ልጅቷ ይህን ነበር የምትጠብቀው። እጅጌውን ያዘችው።

«አባዬ፣ ፊዚክስ ወድቄያለሁ። ነገ ትምህርት ቤት መምጣት አለብህ።»

አባቷ ቀጥ አለ። ሰዎች በግራ በቀኝ እያለፏቸው ሄዱ። ሊቆጣ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው።

«እዚያ ላይ ሆኜ ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ ምንም አልልሽም ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ለዚያ ነው ያልነገርኩህ።»

እጅጌውን አልለቀቀችም። አባቷ ለረጅም ጊዜ አያት፣ ልክ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንዳገኛት ሰው። ከዚያ መንገዱን ቀጠለ፤ እርምጃውን ከእሷ ጋር አስተካክሎ።

«በስንት ሰዓት ነው መምህሩ የሚፈልገን?» አላት።