ሌብሮን ስንተኛ ነው?

«ስድስት ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ፣ ስድስቱንም ዋንጫ በላ!» አለች ትህትና ማይክሮፎኑን አፏ ላይ ለጥፋ። «ሌብሮንስ? ስንቴ ነው ለፍጻሜ ደርሶ ባዶ እጁን የተመለሰው? ስለዚህ ጆርዳን አንደኛ፣ ኮቢ ሁለተኛ፣ ሌብሮን ሦስተኛ። ሦስተኛም ያልኩት ፊርደውስ እንዳታለቅስብኝ ብዬ ነው።»

የትምህርት ቤቱ ግቢ በሳቅ ተናጋ። የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ዓርብ ዓርብ በእረፍት ሰዓት ክርክር ያዘጋጃል። ከዓመት ዓመት «ከትምህርትና ከገንዘብ የቱ ይበልጣል?» ሲባል ጆሮው የደነዘዘ ተማሪ፣ ዛሬ «የምንጊዜም ምርጡ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማነው?» ሲባል ብርዱን ረስቶ ወጥቷል። ርዕሱን ያመጡት ሁለቱ ጓደኛሞች ናቸው። ትህትናና ፊርደውስ ዘጠነኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ በሴቶቹ ቡድን አብረው ይጫወታሉ፤ በሌብሮን ጉዳይ ግን ተስማምተው አያውቁም።

ፊርደውስ ማይኩን ተቀበለች። ከሁሉም በቁመት ስለምትበልጥ ጎንበስ ማለት ነበረባት።

«ሌብሮን ያደገበትን አካባቢ ቡድን ትቶ ሲሄድ ሰው ምን አደረገ? ማሊያውን አቃጠለ። ከሀዲ አለው። እሱ ግን ሄዶ፣ ሠርቶ፣ ዋንጫ በልቶ ተመለሰ። ተመልሶም ዋንጫ የሚባል በልቶ ለማያውቅ ቡድን ዋንጫ አመጣ። አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ መጫወትማ ማንም ይጫወታል። የሚበልጠው ሄዶ የተመለሰ ነው!»

ጭብጨባው አላባራ አለ። እውነቱን ለመናገር ለሌብሮን አልነበረም። በዚያ ግቢ ውስጥ ሳዑዲ ወይ ቤይሩት ወይ ዱባይ ሰው የሌለው ተማሪ ቢፈለግ አይገኝም። ሁሉም የሚያጨበጭበው ለእናቱ፣ ለወንድሙ፣ ለአክስቱ ነበር።

ትህትና መልስ ነበራት። «ሄደው የቀሩትስ?» የሚል ነው። አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ግን የፊርደውስን ፊት አየችና ዋጠችው። የፊርደውስ ታላቅ እህት ሀጀራ ሳዑዲ ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ካለፈው አረፋ ወዲህ ደግሞ ድምጿ ጠፍቷል።

«መልስ የለኝም» አለች ትህትና።

«በጭብጨባ ብዛት ሌብሮን አንደኛ!» አሉ የስፖርት መምህሩ ደሳለው።

ከትምህርት በኋላ ሁለቱ ሜዳ ላይ ቀሩ። ሜዳ ከተባለ። መረብ የሌለው አንድ ቅርጫት ነው ያለው። ፊርደውስ አሸናፊ አትመስልም ነበር። ዝም ብላ ትወረውራለች፤ ይገባል። ደግማ ትወረውራለች፤ ይገባል። በመጨረሻ ኳሱን ብብቷ ስር ይዛ ቆመች።

«ትህቱ፣ ነገ ልሄድ ነው።»

«የት?»

«ሀጀራ ጋ።»

ትህትና መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ የጓደኛዋን ዓይን አየችና ሳቋ ቆመ። ፊርደውስ ሁሉንም ነገረቻት። አባቷን ደሴ ለአንድ ሳምንት ውድድር አለን ብላቸዋለች። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ትሳፈራለች። ደሴ መናኸሪያ ደላላው ይጠብቃታል፤ ከወግዲ የመጡ ሁለት ልጆችም አሉ። ከዚያ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ባሕር።

«ሌብሮን የሄደው በአውሮፕላን ነው» አለች ትህትና። ለቀልድ ብላ አልነበረም።

«ሀጀራም በባሕር ነው የሄደችው። ደርሳለች።»

«ደርሳ የት አለች?»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ቆጫት። ፊርደውስ ኳሱን መሬት ላይ ፈጠፈጠችው።

«ለዚህ እኮ ነው የምሄደው! አባቴ ሌሊት ሌሊት ሲደውልላት እሰማዋለሁ። ስልኳ ዝግ ነው። እንደገና ይደውላል። እኔ ብርድ ልብሴን ተሸፋፍኜ እስከ መቼ ነው የምሰማው? ሄጄ አገኛታለሁ። ይዣት እመጣለሁ።»

«ሳዑዲ ሰፈር መሰለሽ እንዴ? አሥራ አምስት ዓመትሽ ነው፣ ፊርዲ!»

«አቦ ፋራ አትሁኚ። ባሕር ላይ ዕድሜ የሚጠይቅ የለም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባቴ ከጠየቀሽ ውድድሩ እውነት ነው በይው። አንቺ እግርሽን አሞሽ ነው የቀረሽው። በቃ፣ ይህችን ብቻ። ስደርስ እደውላለሁ፣ ወላሂ። ካወራሽ ግን አታውቂኝም፣ አላውቅሽም።»

ትህትና ዝም አለች። ፊርደውስ ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠረችና አቀፈቻት። «አብሽሪ» አለቻት። የምትሄደዋ የምትቀረዋን ታጽናና ነበር።

ወደ ማታ ትህትናን እናቷ ሳሙና ግዢ ብላ ላከቻት። ሱቅ እዚያው ሰፈራቸው አለ። ትህትና ግን እስከ መናኸሪያው ወርዳ የፊርደውስ አባት የጋሽ አህመዲን ሱቅ ገባች። ለምን እዚያ ድረስ እንደሄደች ለራሷም መናገር አልፈለገችም።

«ማሻአላህ፣ ትህትና! ፊርደውስ እግርሽን አሞሻል ስትል አልነበር እንዴ?»

በደህና እግሯ የገባችው ትህትና ማንከስ ጀመረች። አንክሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ፊቷ በኀፍረት ጋለ።

«ተሽሎኛል፣ ጋሼ።»

«ቀረሽ እንጂ አብራችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነበር።» ከባንኮኒው ስር አንድ ካርቶን አወጡና ከፈቱት። አዲስ ነጭ ስኒከር ነው። «ደሴዎች በጫማ እንዳይበልጧት ብዬ ነው። ማታ ነው የምሰጣት፤ እንዳትነግሪያት።»

«አልነግራትም።»

«ዛሬ ደግሞ ክርክሩን አሸነፈች አሉ። ያ አሜሪካዊ ማን ነበር? ሌብሮን። ሰሞኑን ወሬዋ ሁሉ እሱ ነው። ‹ሄዶ ተመለሰ› ትለኛለች። እኔም ሄዶ የተመለሰን የሚያህል የለም፣ እሱ ከሁሉም ይበልጣል አልኳት። እንዴት ደስ እንዳላት!»

ይህን ብለው ባንኮኒው ላይ ያለውን ስልካቸውን አዩት። ልክ እንደሚጠራ ነገር። እሳቸው ይህን ያሉት ሀጀራን እያሰቡ ነው። ፊርደውስ ግን «ሂጂ» እንዳሏት አድርጋ ነው የሰማችው።

«አንቺስ ስንተኛ አደረግሽው?»

«ሦስተኛ።»

«ምነው?»

«የሚያሳዩን የተመለሰውን ነው፣ ጋሼ። ሄደው የቀሩትን ማንም አያሳየንም።»

የጠየቀችውን ሳሙና በፌስታል ሲያደርጉ የነበሩት እጃቸው ቆመ። ትክ ብለው አዩዋት። በዚህ መሐል አንዲት ሴት ስኳር ልትገዛ ገባችና ስለ ዋጋው መነዝነዝ ጀመረች። ትህትና ሳሙናዋን ይዛለች። ተነስታ ብትወጣ የሚይዛት አልነበረም። ፊርደውስን አሰበች፤ «አላውቅሽም» ያለች ቀን የምር እንደማታውቃት ታውቃለች። ሰኞ ባዶውን ዴስክም አሰበች። ከዚያም ባሕሩን። ባሕር በዓይኗ አይታ ስለማታውቅ ሊታያት የቻለው ሌሊትና ጨለማ ውሃ ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ሄደች።

«ጋሼ» አለች ትህትና። «ደሴ ውድድር የለም።»

ጋሽ አህመዲን አልጮኹም። የስኳር ከረጢቱ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ያረቢ» አሉ። ከዚያ «መቼ?» ብለው ጠየቁ፤ የት እንደሆነ አልጠየቁም።

«ነገ ጠዋት። በመጀመሪያው አውቶቡስ።»

ሱቁን ለመዝጋት ተነሱ። ትህትና ቁልፉን ከእጃቸው ተቀብላ ቆለፈችው። ወደ ጋሽ አህመዲን ቤት አመሩ። ወደ እሷ ሰፈር የሚወስደው መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ወደ ቤትሽ ግቢ፣ ልጄ። አንቺ መሆንሽን አልነግራትም። በአላህ።»

ትህትና ወደ ቤቷ የሚያስገባውን መንገድ አየችው። እናቷ እየጠበቀቻት ነው። እውነትም ፊርደውስ አታውቅም፤ ውድድር እንደሌለ የሚያውቁትን መምህር ደሳለውን ልትጠረጥር ትችላለች። ሰኞ እንደ ወትሮው አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ማን ነገረብኝ ብላ ታለቅሳለች፣ ትህትና ደግሞ ታባብላታለች። ሐሳቡ ለቅጽበት ጣፈጣት፤ ቀጥሎ ግን አፏን መረራት።

«አብሬዎት ልምጣ» አለች።

በሩን የከፈተችው ፊርደውስ ነች። አባቷ በዚህ ሰዓት ሱቅ ዘግተው መምጣታቸው ገርሟት ፈገግ ልትል ነበር። ከዚያ ከኋላቸው የቆመችውን አየች። ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። አባቷ አልፈዋት ገቡ። ሁለቱ በሩ ላይ ተፋጠው ቆሙ።

«ግቢ» አላለቻትም።

ትህትና ጫማዋን አውልቃ ገባች።