የመላኩ ፍሎፒ

እኔ ቡዳ በላው፣ ዛር ሰፈረበት፣ ሙት ታየኝ ሲባል «በዓይንህ አይተሃል?» እያልኩ የሰው ወሬ የማበላሽ ሰው ነበርኩ፣ እናቴ ራሷ «ይሄ ምላስህ አንድ ቀን ያሳፍርሃል» ትለኝ ነበር፣ ይኸው አሳፈረኝ። የምነግራችሁም እንድትደነግጡልኝ ብዬ አይደለም፣ ድንጋጤው እኔንም ቀስ እያለ ለቆኛል፣ ያልለቀቀኝ ሀፍረቱ ነው።

ያኔ አቃቂ በሰቃ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ከአንድ ወፍጮ ቤት አጠገብ ባለች ማሰልጠኛ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። አምስት ያረጁ ኮምፒውተሮች ነበሩን፣ እስኪነሱ ሻይ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ፣ እኔ ደግሞ ከጓደኛዬ በተዋስኩት ሲዲ፣ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ጭኜባቸው፣ ያም አልበቃኝ ብሎ «ከርነሉን ራሴ ገንብቼ አበርራቸዋለሁ» ብዬ ተነሳሁ። ከርነል ማለት የሲስተሙ አስኳል ነው፣ ሊገነባ ሲል በሰማያዊ ገጽ ላይ ይሄ ይግባ፣ ይሄ ይቅር እያለ ይጠይቃችኋል፣ የፋይል ሲስተም የሚባለው ክፍል ላይ ስትደርሱ ደግሞ የዲስክ አጻጻፍ ዓይነቶች ተደርድረው ታገኛላችሁ፣ የትኛውን ማንበብ ልቻል ማለቱ ነው። እኔ የሊኑክስን ብቻ ትቼ ሌላውን ሁሉ «ይቅር» አልኩት፣ ፍሎፒ ሁሉ የሚጻፍበትን የዊንዶውስን አጻጻፍ ሳይቀር፣ እንዲያውም እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ተማሪዎቼ እየሰሙ «ይሄ የሰነፎች ነው» ብያለሁ። ተገንብቶ ሲያልቅ አምስቱም ላይ ገለበጥኩት። ዲስካቸው ጠባብ ነበርና የድሮውን ከርነል ጠረግሁት፣ የዚህ ሥራ ሰው ሁሉ ደግሞ የድሮውን ሳታስቀምጥ አዲስ አትጫን ብሎ ይመክራል።

በዚያው ሳምንት እሁድ ከሰዓት እትዬ አስካለ መጡ። ልጃቸው መላኩ እኛ ጋ ይማር የነበረ፣ ቃሊቲ መንገድ ላይ የጭነት መኪና የገጨው፣ ገና አርባው ያልወጣ ልጅ ነው። ከመሐረባቸው ውስጥ አንድ ፍሎፒና የቀበሌ መታወቂያውን አወጡ።

«ልጄ፣ ነገ ተዝካሩ ነው። ካደገ ወዲህ የተነሳው ፎቶ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው፣ እየው፣ ማህተሙ ፊቱን አጥፍቶታል» አሉኝ። እውነትም ማህተሙ አንድ ዓይኑንና ግማሽ አፉን ሸፍኖታል። «እዚህች ውስጥ ግን ጥሩ ፎቶ አለ ብሎኝ ነበር። አውጣልኝ፣ ሰው ሲመጣ ፊቱን ይየው።»

«እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለች ሰናይት፣ ተማሪዬ ናት፣ እሁድ እሁድ ልምምድ ትመጣለች። «በአክስቴ ካሜራ፣ መብራት ሄዶ ሥራ የፈታን ቀን። እዚያ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ነበር፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ።»

ፍሎፒውን አስገብቼ ትእዛዙን ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ዓይኔ እያየ እንዲህ ያለ አጻጻፍ አላውቅም አለኝ።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«አላውቀውም አለ።»

«መላኩን? እዚሁ አይደል እንዴ ሲማር የከረመው?»

«አይ እትዬ፣ ፍሎፒውን ነው። ማንበብ ይችል ነበር፣ እኔ ነኝ ያወጣሁበት።»

«ለምን አወጣህበት?»

«እንዲቀለው ብዬ።»

«ከብዶት ነበር?»

በማርያም፣ ምን ልበላቸው? አልከበደውም ነበር፣ ያቺ መስመር ብትገባ ምንም አትጨምርበትም፣ ያወጣኋት ለጉራ ነው። ሰናይት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ እኔ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ሳሪስ ያሉት ፎቶ ቤቶች በእሁድ ዝግ ናቸው፣ የማውቃቸው ሰዎች ስልካቸው አይነሳም፣ የቀረኝ መንገድ ያቺን መስመር «ትግባ» ብዬ ከርነሉን እንደገና መገንባት ብቻ ሆነ። ጀመርኩት። እትዬ አስካለ ፍሎፒያቸውን ተቀብለውኝ፣ በመሐረባቸው ጠቅልለው፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፣ ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት እላለሁ እስካሁን።

ገና ግማሽ ሳይደርስ መብራት ሄደ። ያኔ መብራት በፈረቃ ነበር፣ ፈረቃው ግን የእኛ አልነበረም፣ ዝም ብሎ ሄደ። ወፍጮውም ቀጥ ስላለ እትዬ አስካለ በአፍንጫቸው ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ይቅርታ ልበል ብዬ አፌን ስከፍት መብራቱ ተመለሰ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ኮምፒውተር ማንም ሳይነካው ተነሳ። ይሄ አይግረማችሁ፣ መብራት ሲመጣ ራሱን የሚያስነሳ ኮምፒውተር ሞልቷል። የተነሳውም በዚያው ማንበብ በማይችለው ከርነል ነው፣ አዲሱ አላለቀማ።

ከዚያ የፍሎፒ ማስገቢያው ጥር፣ ጥር፣ ጥር ማለት ጀመረ።

ኮምፒውተር ሲነሳ አንዴ ጥር ማለቱ ያለ ነው፣ ይሄ ግን አላቆመም፣ አረንጓዴ መብራቱም በርቶ ቀረ። ፍሎፒው ደግሞ በመሐረብ ተጠቅልሎ እሳቸው እጅ ላይ ነው፣ እመኑኝ፣ ማስገቢያውን ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት፣ ባዶ ነው። ሰናይት «ቲቸር፣ ምን እያነበበ ነው?» አለችኝ፣ «ተበላሽቶ ነው» አልኳት። እትዬ አስካለ ተነስተው መጡና «በል እስቲ እንደገና ሞክርልኝ» አሉ። እንደማይሆን አውቃለሁ፣ ግን እንቢ ለማለት ምን ፊት አለኝ? አስገባሁ፣ ያንኑ ትእዛዝ ጻፍኩ።

ዝም አለ።

ሊኑክስ ደግሞ ሲሳካለት ዝም ይላል፣ የሚናገረው ሲያቅተው ነው። ያ ዝምታ ያስደነገጠኝን ያህል በሕይወቴ ምንም አስደንግጦኝ አያውቅም። አንድ ፎቶ ብቻ ነበረበት፣ ስከፍተው መላኩ ወንበሩ ላይ ዞር ብሎ ጥርሱን ሳይከድን ይስቃል፣ እትዬ አስካለ «ውይ የኔ ልጅ!» ብለው ስክሪኑን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሰናይት ግን ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ከመላኩ ትከሻ ኋላ ታሳየኛለች። ጠፍቶ ነበር ያለችው ኮምፒውተር ፎቶው ላይ በርቷል፣ የሚታየው ያ ሰማያዊ ገጽ ነው፣ እኔ ገና በዚያ ሳምንት የከፈትኩት፣ ምልክቱም ያወጣኋት መስመር ላይ ቆሟል። ፎቶው የተነሳው መላኩ በሕይወት ሳለ ነው፣ ያኔ ከርነል ምን እንደሆነ እኔም በቅጡ አላውቅም ነበር።

አትሜ ሰጠኋቸው፣ ፍሎፒያቸውን ጠቅልለው መርቀውኝ ሄዱ። ከሄዱ በኋላ የከርነሉን ምርጫ ከፍቼ አየሁ፣ ያቺ መስመር አሁንም «ይቅር» እንደተባለች ናት፣ በሌላ ፍሎፒ ሞከርኩት፣ አላውቅም አለኝ።

በማግስቱ ከተዝካሩ ለመቅረት አስቤ ነበር፣ ሰናይት ጎትታ ወሰደችኝ። ድንኳኑ ውስጥ ፎቶው ፊት ለፊት አስቀመጡኝ፣ እትዬ አስካለ በእንግዳው ሁሉ ፊት «መላኩን ያወጣልኝ ይሄ ልጅ ነው፣ እጁ ይባረክ» ሲሉ ድንኳኑ በሙሉ አሜን አለ፣ እኔ እንጀራውን አቀርቅሬ እቆርሳለሁ። ያወጣሁት እኔ አይደለሁም ብል ማን ሊባል ነው? አንገቴን ቀና ባደረግሁ ቁጥር ደግሞ መላኩ ይስቃል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ እትዬ አስካለ ጃኬቱን ሲያጥቡ ኪሱ ውስጥ ሌላ ፍሎፒ አገኙና በዚያው መሐረብ ጠቅልለው አመጡልኝ። «ምናልባት ድምፁ ይኖርበታል፣ አንተ ታውቅበታለህ» አሉኝ። ያኔ ኮምፒውተሮቹን ሁሉን እንዲያነቡ አድርጌ አስተካክያቸው ነበር፣ ማስገባት ብቻ ነው የሚቀረኝ፣ አላስገባሁትም። ምን ያሳየኛል? ስለ እኔ ሌላ ምን አይቷል? ይኸው እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አሁን ያለኝ ኮምፒውተር ፍሎፒ ማስገቢያ እንኳ የለውም፣ ግን ቤቱ ጸጥ ሲል አንዳንዴ ከመሳቢያው በኩል ያ ጥር ጥር የሚሰማኝ ይመስለኛል፣ ተነስቼ ግን አላይም።

እትዬ አስካለ አርጅተዋል። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ መሐል አዩኝና እጄን ያዙ።

«አነበበልህ?»

«እየሞከርኩ ነው እትዬ።»

«እስካሁን? ከበደው እንዴ?»

«አዎ፣ ከብዶታል» አልኳቸው። «አይዞህ፣ እጠብቃለሁ» አሉኝ፣ መሬት መሬት እያየሁ እጄን ከእጃቸው አወጣሁ።