ኔትወርክ እስኪገኝ ድረስ

ቅጥቅጡ አውቶቡስ ዳገቱን ጨርሶ የመካነ ሰላም ቆርቆሮዎች ከሩቅ ብልጭ ማለት ሲጀምሩ፣ ሀይማኖት በታብሌቱ ስክሪን ጥግ ላይ አንዲት መስመር አየች። መስመሯ ከትናንት ጀምሮ እዚያው ነበረች፤ ልብ ያላለቻት እሷ ናት። እንግሊዝኛ ናት፣ ፊደሎቿም ደቃቅ ናቸው። ሦስት ጊዜ ከተመላለሰችባት በኋላ ትርጉሟ ገባት። «አንድ ፋይል ሊሰረዝ ነው። ኔትወርክ እስኪገኝ ድረስ በመጠበቅ ላይ» ትላለች።

ሀይማኖት ክው አለች።

ፋይሉ የትኛው እንደሆነ ማንም እንዲነግራት አያስፈልግም። ትናንት በእህቷ በአልታዬ ሠርግ ላይ፣ ከከላላ ወዲያ ኔትወርክ በማያውቀው የአባቷ አገር፣ በገዛ ጣቷ የሰረዘችው ነው። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ብቅ ሲል ቪዲዮ ልትቀርጽ ታብሌቱን ብታነጣጥር «ቦታ ሞልቷል» አላት። ዘፈኑ ደምቋል፣ ሰዉ ይጋፋል፣ ሙሽራ ደግሞ ቁም ቢሉት አይቆምም። ቶሎ ብላ ትልቁን ፋይል ፈለገች። «ጋሽ አሕመድኑር፣ የሲራራ ንግድ ታሪክ» ይላል፤ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ድምፅ ነው። ይኼማ በአሥራ አምስቱም የትምህርት ቤቱ ታብሌቶች ላይ አለ፣ ከአንዱ ቢጎድል ምን ይሆናል ብላ ሰረዘችው። ቪዲዮው ግን የአንድ አጎት ጀርባና የአንዲት ጃንጥላ እጀታ ሆኖ ቀረ።

አሁን ነው የመምህር አምላኩ ነገር ትዝ ያላት። መምህር አምላኩ አይሲቲ ያስተምሯቸዋል። ታብሌቶቹ መስከረም ላይ ሲመጡ አንዱን ከፍ አድርገው፣ «ይህ መስኮት ነው» ብለው ነበር። «አሥራ አምስት መስኮት አለን፤ ቤቱ ግን አንድ ነው። በአንዱ መስኮት ገብታችሁ ዕቃ ብታወጡ፣ በሌላው ስታዩ ዕቃው የለም። የምንጠቀመው በነፃ ስለሆነ ደግሞ የተሰረዘ አይመለስም።» ክፍሉ በሙሉ «እሺ» ብሎ ነበር። ግን ለዓመታት የለመዱት አራቱን አሮጌ ኮምፒውተሮች ነው። እነሱ ላይ ቁጥር ሦስት ውስጥ የጻፍሽው ቁጥር ሦስት ውስጥ ይቀመጣል፣ ወደ ሌላው መውሰድ ከፈለግሽ በፍላሽ ትወስጃለሽ። እጅ የለመደውን አይረሳምና የሀይማኖትም እጅ ትናንት እንደ ድሮው ሠራ።

ጋሽ አሕመድኑር ደግሞ እንዲሁ ተራ ሰው አልነበሩም። የክፍል ጓደኛዋ የያሲን አያት ናቸው። በወጣትነታቸው በበቅሎ ጭነው ማሻ፣ ኩታበር፣ ደሴ የደረሱ ነጋዴ ነበሩ። ጥቅምት ላይ ያሲን እየጠየቀ እሷ እየቀዳች፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሲያወጓቸው ዋሉ፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ረጅም ምርቃት መረቋቸው። ኅዳር ሳይጋመስ ሞቱ። ልጃቸው ኢልሀም፣ የያሲን እናት፣ ስድስት ዓመት ዐረብ አገር ቆይታ የመጣችው ባለፈው ሐሙስ ነው። ለቀብሩ አልደረሰችም። መምህር አምላኩም «ሰኞ አራት ሰዓት ይምጡና የአባትዎን ድምፅ እናሰማዎታለን» ብለው ቀጥረዋታል።

ሰኞ ማለት ነገ ነው።

«ትምህርት ቤቱ ጋ ወራጅ አለ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ሀይማኖት ቀና ስትል የትምህርት ቤቱ አጥር እየቀረበ ነው። የትምህርት ቤቱ ዋይፋይ አስፋልቱ ድረስ እንደሚደርስ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ማታ ማታ አጥሩን ተደግፈው ስልካቸው ላይ የሚያፈጡት በሙሉ ለእሱ ነው የሚመጡት። ታብሌቱ ደግሞ ሲም የለውም፣ ያንን ዋይፋይ ግን ያውቀዋል፤ ሳይጠይቅ ይገባል። የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭና ያዘች። አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀነሰ። ስክሪኑ «ይጥፋ ወይስ እንደገና ይነሣ?» ብሎ ጠየቃት። ሁለት ጊዜ ሳተች። በሦስተኛው ነካችው፤ ስክሪኑ ጨለመ፤ አውቶቡሱም አጥሩ ሥር ቆመ።

«ልጄ፣ አሞሻል እንዴ? ላብ በላብ ሆነሻል» አሏት አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ።

«አይ፣ መኪናው ነው» አለች።

ከመናኸሪያው ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ እንዳልካቸው ሱቅ ገባች። እንዳልካቸው ሞባይል ጠጋኝና የሰፈሯ ልጅ ነው፤ ሰው ካላበሸቀ ውሎው አይሞላለትም። ነገሩን ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ የፊቷን ሁኔታ አይቶ ሳቁን ዋጠ። ሱቁ ከትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ታብሌቱን ያለ ስጋት ከፈተው።

«አብሽሪ፣ መስመሯ አለች» አለ። «እየጠበቀች ነው። ገና ምንም አልጠፋም።»

«እንግዲያው ተይው በላት! መስመሯን ሰርዛት!»

«ሰርዝ ብለሽ ያዘዝሽውን እኔ ልመልሰው አልችልም። የመምህሩ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ለእሳቸው ግን ቀላል ነው፤ ይኼ ሳይበራ በፊት ከሌላው ታብሌት ላይ ድምፁን ገልብጠው ያስቀምጣሉ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት።»

«ካልነገርኳቸውስ?»

«ነገ ጠዋት ሰብስበው ሲያበሩት ከአሥራ አምስቱም ላይ ድርግም ይላል።» ታብሌቱን አጥፍቶ መለሰላት። ከዚያ እንደ ቀልድ፣ «ማን እንዳጠፋው ግን አይታወቅም። ሁላችሁም የምትገቡት በአንድ ስም አይደል?» አለ።

እውነቱን ነው። ከተማሪው አብዛኛው የራሱ ኢሜይልም ስልክ ቁጥርም ስለሌለው፣ መምህር አምላኩ አሥራ አምስቱንም ታብሌት የከፈቱት በራሳቸው ስም ነው። የሰረዘው ሰው ስም ቢፈለግ የሚወጣው «አምላኩ» የሚል ነው። ሀይማኖትን ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይኼ ነው። ዝም ማለት ይህን ያህል ቀላል መሆኑ።

ቤት ስትደርስ አባቷ አቶ አሻግሬ ከሠርጉ በሌላ መኪና ቀድመዋት ገብተው ደጅ ላይ ጫማቸውን ያራግፋሉ።

«ታብሌቷን በደህና አመጣሻት?»

«በደህና።»

«ፈርሜባታለሁ እንግዲህ።»

ፈርመዋል። ወረቀቱ ላይ «ከትምህርት ሥራ ውጪ የተጠቀመ ተማሪ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ታብሌት አይነካም» ተብሏል። ታብሌቱን ደግሞ ከገበሬ ዘመዶቿ የአዝመራ ታሪክ እቀዳለሁ ብላ ለምና ነው የወሰደችው። የሚኒስትሪ ፈተና መለማመጃው በሙሉ ያለው ታብሌቱ ላይ ነው። ያ ከሌለ ስምንተኛ ክፍልን በባዶ እጇ ልትጋፈጥ ነው። እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ።

ጠዋት ያሲንን የተለመደው ቦታ፣ ከትምህርት ቤቱ በር መለስ ብላ ካለችው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ አገኘችው። እናቱ ያመጣችለትን አዲስ ጫማ አድርጓል፤ አቧራ እንዳይነካው እንደ ዶሮ እግሩን እያነሳ ይረግጣል።

«ሠርጉ እንዴት ነበር? ጨፈርሽ ወይስ ጥግ ይዘሽ ዋልሽ?» አላት።

«ደህና ነበር።»

«ምነው ጠወለግሽ? ስሚኝማ፣ እማዬ ሌሊቱን አልተኛችም። አባባ ጆሮው ከቅርብ ካልጮኹበት ስለማይሰማ ስልክ አያወራላትም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፁን አልሰማችም። ወላሂ እኔም ናፍቆኛል። እስቲ መጀመሪያውን ብቻ አሰሚኝ፣ ‹ቢስሚላሂ› ብሎ ሳሉን የሚስለውን።»

«ቻርጅ የለውም» አለች ሀይማኖት። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው።

«ኧረ ባክሽ!» ያሲን ሳቀና ከትከሻዋ ላይ ቦርሳዋን ሳብ አድርጎ ታብሌቱን አወጣው። እንደዚህ መቃለድ ልማዳቸው ነው። ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ ቦግ ሲል፣ «አንቺ ውሸታም! ሰማንያ ፐርሰንት!» ብሎ እየሳቀ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ።

ባሕር ዛፏ የዋይፋዩ ድንበር ናት። ከእሷ ወዲህ የለም፤ ከእሷ ወዲያ አለ። ያሲን አንድ እርምጃ ተራመደ፣ ሁለተኛውን አነሳ።

«ያሲን፣ ቁም! አትሂድ! ቁም አልኩህ!»

እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። ሮጣ ደርሳ ታብሌቱን ከእጁ ነጠቀችው፤ አዲሱን ጫማውንም ረገጠችው። ደረቷ ላይ ለጥፋው ወደ ኋላ ሸሸች፤ ዛፏን አልፋ፣ የአጥሩን ድንጋይ አልፋ፣ ቦዩ ዳር እስክትደርስ። እዚያ ሆና ስክሪኑን አየች። ዓይኗ ብዥ ስላለባት መስመሯን ወዲያው አላገኘቻትም። ጠፋ፣ አለቀ አለች በልቧ። እጅጌዋን ዓይኗ ላይ አሽታ ደግማ አየች።

መስመሯ አለች። አሁንም እየጠበቀች ነው።

ታብሌቱን አጠፋችው።

«ምን ሆነሻል?» አለ ያሲን ቀረብ ብሎ። አይሥቅም። «የእናቴን አባት ድምፅ እኮ ነው የጠየቅሁሽ፤ የሰው ዕቃ አልሰረቅሁ።»

ሀይማኖት ታብሌቱን እንደታቀፈች ወደ መንገዱ ዞረች። ታች በመንገዱ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ጥቁር ልብስ ለብሳ ትመጣለች። ቀጠሮዋ አራት ሰዓት ነው፤ አሁን ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም።

«እማዬ፣ ምነው አሁን?» አለ ያሲን።

«ቤት ምን ልሠራ? ደጁ ላይ ብጠብቅ ይሻለኛል» አለች ኢልሀም። ከዚያ ሀይማኖትን አየቻት፤ ደረቷ ላይ የታቀፈችውንም አየች። «አንቺ ነሽ ሀይማኖት? ድምፁን የቀዳሽልኝ?»

«አዎ።»

«አላህ ያክብርሽ። ኑሪልኝ።» እጇን ዘርግታ ታብሌቱን በጣቷ ጫፍ ነካችው፤ የተኛ ሕፃን እንደምትነካ ሆና። «እዚህ ውስጥ ነው?»

ሀይማኖት «አዎ» ማለት ትችላለች። ዛሬ ጠዋት ከሌሎቹ ጋር ገብታ፣ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሰልፍ መውጣት ትችላለች። አራት ሰዓት ላይ መምህር አምላኩ ባዶ ቦታ ሲፈልጉ፣ ሲደነግጡ፣ ስማቸው ሲወጣ፣ ይቺ ሴትም ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ እሷ ከሁሉም ጋር አብራ መገረም ትችላለች። ማንም አያውቅም።

«እዚህ ውስጥ አይደለም» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። «ግን አለ። እስካሁን አለ።»

ኢልሀም አልገባትም፤ ፈገግ እንዳለች ልጇን አየች። የመጀመሪያው ደወል ተደወለ። አስፋልቱ ላይ የነበሩት ተማሪዎች በበሩ መጋፋት ጀመሩ።

«ያሲን» አለች ሀይማኖት። «መምህር አምላኩን ጥራልኝ። እዚህ ድረስ ይምጡ በላቸው።»

«አንቺ ለምን አትገቢም? ደወል እኮ ተደውሏል።»

«እኔ በዚህ ታብሌት ከዛፏ ወዲያ አላልፍም። ለምን ካሉህ ሀይማኖት ራሷ ትነግርዎታለች በል። ለአንተም እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን እሳቸውን። ያሲን፣ ሩጥ!»

ያሲን ትንሽ አያት። ምን እንዳየ አይታወቅም፤ ጫማውንም አቧራውንም ረስቶ ሮጠ።

ሀይማኖት ቦዩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ኢልሀምም ምንም ሳትጠይቅ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለተኛው ደወል ተደወለ። ከግቢው የሰልፉ መዝሙር ተጀመረ። የቀረ ተማሪ የሚመዘግቡት በዚህ ሰዓት ነው። መዝሙሩ አልቆ በሩ ሲከፈት፣ ከያሲን ኋላ መምህር አምላኩ መነጽራቸውን እያስተካከሉ ብቅ አሉ። ፊታቸው ኮስተር ብሏል።

ሀይማኖት ተነሣች። ታብሌቱን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ባሕር ዛፏ ሄደችና፣ ድንበሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።