ወደ አውቶቡሱ አትመልከቺ

መልካሙ ካሜራውን አንግቶ መርሳ መናኸሪያ የደረሰው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ወልድያ ውስጥ ቪዲዮ የሚማርበት ማሠልጠኛ ለመልመጃ የሰጠው ሥራ አጭር ነው። አንዲት ልጅ ከአውቶቡስ ትወርዳለች፣ መንገዱን ትሻገራለች፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። ንግግር የለውም። አስተማሪው የፈለገው በሁለት ቅዳሜ ተቀርጾ በአንድ ጠዋት የሆነ እንዲመስል ነው። ልብሱ፣ ፀጉሩ፣ አረማመዱ ሁሉ መገጣጠም አለበት። ይህንን በትምህርቱ «ተከታታይነት» ይሉታል።

ትሠራለች የተባለችው ልጅ ቀረች። አብሮት የመጣው የክፍል ጓደኛው ሙጃሂድ እንመለስ እያለው ሳለ፣ የመልካሙ ዓይን ሱቁ ጥግ የቆመች ልጅ ላይ አረፈ። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሹሩባዋ አዲስ ነው። ሰው የምትጠብቅ ትመስላለች። ጠጋ ብሎ ችግሩን አስረዳት።

ሮማን ትባላለች፤ በአቅራቢያው ካለችው ከግራና ነው የመጣችው። ቪዲዮውን ከክፍሉ ልጆች በቀር ማንም እንደማያየው ደጋግማ ጠይቃ አረጋገጠችና እሺ አለች።

አረማመዷ መልካም ነበር። ብቻ አንድ ነገር አስቸገረው። መንገዱን ስትሻገር ፊቷን ወደ ኋላ፣ ወደ አውቶቡሱ በር ትመልሳለች። ደጋግመው ሞከሩት፤ ያው ነው።

«እባክሽ ወደ አውቶቡሱ አትመልከቺ» አላት። «አንቺ ወርደሻል። ከዚያ በኋላ እዚያ ምንም የለሽም።»

አንገቷን ደፋች። ሌላ አውቶቡስ ሲገባ ግን ዓይኗ እንደገና አመለጣት።

በመጨረሻ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። መልካሙ በቃ ማለት ነበረበት፤ አላለም። እሷም ትእዛዝ ስትጠብቅ ቆየችና ቀና ብላ በሌንሱ ውስጥ አየችው።  ሙጃሂድ ጉሮሮውን ጠረገ።

ሲለያዩ መልካሙ ሹሩባዋን እስከሚመጣው ቅዳሜ እንዳትፈታው ለመናት።

«ለካሜራው ነው ወይስ ለአንተ?»

«ለካሜራው» አለና መሬት መሬቱን አየ።

ሮማን ፈገግ ብላ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችው። በዚያው ምሽት ደወለላት፤ በማግሥቱም እንዲሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት እንደዋለች፣ ከእናቷ ከወይዘሮ ዘነበች ጋር እንደምትኖር ነገረችው። ፍቅሩ የሚባል ታላቅ ወንድም እንዳላትም ጠቀሰች። የት እንዳለ ሲጠይቃት «ሄዷል» ብላ ወሬ ቀየረች። ከሰኞ በኋላ ስልኳ አልነሳ አለ።

ቅዳሜ ሮማን አልመጣችም። መልካሙ ፀሐይ እስኪከር ጠበቀ። ሥራውን የሚያስረክብበት ቀን ቀርቧል፤ ከዚያ ይበልጥ ግን የናቀችው መስሎት ተናደደ። ሙጃሂድ ተው፣ አንድ ነገር ገጥሟት ይሆናል ቢለውም አልሰማውም። «ቃልሽን ላትጠብቂ ለምን እሺ አልሽኝ? መጫወቻ አደረግሽኝ» ብሎ ጽፎ ላከላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ልጅ ሊፈልግ መርሳ ወረደ። ሮማን ሱቁ ጥግ ቆማ አገኛት። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ራሷ በጥቁር ሻሽ ተጠፍሯል፤ ከሻሹ ሥር ሹሩባ አልነበረም።

«መልእክትህ ደርሶኛል» አለችው። «ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ደጃችን መጡ። የፍቅሩን መርዶ ይዘው። ከዘመተ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። እናቴ ፀጉሯን ስትቆርጥ እኔም ቆረጥኩ።»

 መልካሙ ይቅርታ እንዲላት እንኳ ሳትጠብቅ ካሜራውን እንዲያወጣ ነገረችው። አይሆንም አላት፤ መልመጃው ገደል ይግባ አላት።

«ቤታችን ያለው ነገር ሁሉ ከመሐል ተቋርጧል» አለች። «ይህችን እንኳ ልጨርስ።»

ሙጃሂድ የካሜራውን መቆሚያ ተከለ። ሮማን በጥቁር ልብሷ መንገዱን ተሻገረች። እሷ ስትሻገር ከወልድያ አንድ አውቶቡስ ገባ፤ በሩ ተከፈተና ሰዎች ወረዱ። ፊቷን አላዞረችም። ሌላም ገባ። አላየችውም። ቀጥ ብላ ሄዳ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

መልካሙ ያን ጊዜ ገባው። 

ወልድያ ተመልሶ የመጀመሪያውን ቀን ቀረጻ እንደገና አየ። ሹሩባውን፣ የቀሚሱን ጫፍ፣ የትኛው እግር እንደቀደመ ሳይቀር ተጠንቅቆ ይዞታል። ዓይኗን ግን በዚያን ቀን እንደ ስሕተት ነበር የቆጠረው። አሁን ደጋግሞ አያት። ከአውቶቡስ የሚወርደውን ወንድ ሁሉ፣ በተለይ ወታደር የሚመስለውን፣ ፊቱን ትፈትሽ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ መርሳ የምትቆመው ለዚያ ነው። እሱ ደግሞ እዚያ ምንም የለሽም ብሏታል።

ቀረጻው ክፍል ውስጥ ሲታይ ልጆቹ ሳቁ። አስተማሪው ይህች አንድ ሴት ናት ልትለኝ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

«አንድ ናት» አለ መልካሙ። ሌላ አልጨመረም። ሐዘኗ የእሷ ነው፤ ለነጥብ አይነገርም። ወደቀ፤ መውደቁም ብዙ አልከነከነው።

ካሜራውን ትቶ ለቅሶ ለመድረስ ግራና ሄደ። ወይዘሮ ዘነበች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሲያጽናናቸው ቀና ብለው አላዩትም። ሮማን እስከ መንገዱ ሸኘችው። መልእክቱን ስለጻፈበት ቀን ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያም የልቡን ነገራት፤ የሐዘኑ ዓመት እስኪወጣ እንደሚጠብቃት።

«አትጠብቀኝ» አለችው። «መጠበቅ ሰውን ምን እንደሚያደርግ በእናቴ አይቼዋለሁ።»



«እሺ፣ አልጠብቅሽም» አለ። «እመጣለሁ።»

ይመጣም ጀመር። አጎቷ ሐዘን ቤት ምን አመላለሰህ ብሎ ተቆጣው፤ ጎረቤቱም አማው። መልካሙ ከአጫጆች ጋር አጨደ፤ ሥራውን ባለማወቁ ተሳቀበት። ወይዘሮ ዘነበች ግን አንድም ቀን አላናገሩትም። መጣም ቀረ ለእሳቸው ያው ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ መንገድ ተዘጋ። መኪና ቆመ፤ ስልክም ጠፋ። ከወልድያ በኩል ተኩስ እንዳለ ይወራል። አንድ ቅዳሜ አለፈ፤ ሌላም ተከተለ። ሮማን ደጅ እየወጣች ወደ መርሳ የሚወስደውን መንገድ ታይ ጀመር። ይህንኑ ፈርታ ነበር አትጠብቀኝ ያለችው። ምግብ አልወርድ አላት። እናቷ ከግድግዳው ሥር ሆነው ያዩዋት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መልካሙ በሲሪንቃ በኩል አድርጎ፣ አቧራ ለብሶ፣ እያነከሰ መጣ። ሮማን አልሮጠችም። ደጁ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ዳግመኛ እንዲህ አታድርገኝ» አለችው።

ከውስጥ የወይዘሮ ዘነበች ድምፅ ተሰማ።

«መንገዱ ተከፈተ እንዴ?»

«አልተከፈተም፣ እማማ።»

«ታዲያ በምን መጣህ?»

«በእግሬ።»

 አሮጊቷ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ፤ በሩ ድረስ መጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ትክ ብለው አዩት።

«በል ግባ» አሉት። «ዛሬ አትመለስም። እዚሁ እደር።»

ሮማን ለእግሩ ውኃ ልታመጣ ወደ ጓሮ ዞረች። እንስራው አጠገብ ተቀምጣ በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። ከመርዶው ወዲህ ስለ ሌላ ነገር ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር።