«እንብላ» ያለኝ ባለጋሪ

ካረጀሁ ወዲህ የሰው ዓይን እኔ ላይ አያርፍም፤ እንደ አጥር ያልፈኛል። ዳንግላ መሀል ከተማ ትልቅ ቴሌቪዥን የተሰቀለበት ምግብ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። አስተናጋጇ ከእኔ ኋላ የመጡ ጎረምሶችን አብልታ ሸኘች። እኔ ነጠላዬን እያስተካከልኩ ቁጭ።

በመጨረሻ መጣችና «እማማ፣ ሰው እየጠበቁ ነው?» አለችኝ።

«እንጀራ እየጠበቅሁ ነው» አልኳት።

ሥቃ ሄደች፤ አልተመለሰችም። እኔም ተነሣሁ።

ከገጠር፣ ከዘንገና አምጥቶ እዚህ ከተማ ያስቀመጠኝ ልጄ ክንዴ ነው። «ደክመሻል፣ ብቻሽን አትኖሪም» ብሎ። ጠዋት እሱና ሚስቱ ሜላት ቢሮ ይገባሉ፤ እኔ ብቻዬን እውላለሁ። ሜላት ምሳዬን ከድና ትታልኝ ትሄዳለች፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። ግን ግድግዳ እያየሁ የምበላው ምግብ ከጉሮሮዬ አይወርድም። ከተማውን ልየው ስል ሁለቱም «ትጠፊያለሽ» ይሉኛል። በጉም ውስጥ የጠፋ ጥጃ ፈልጌ የማገኝ ሴት፣ በአንድ አስፋልት ልጠፋ!

ያን ቀን ሳልነግራቸው ነው የወጣሁት። ሁለተኛው ምግብ ቤት የምግቡን ስም ግድግዳ ላይ ጽፎ «ከዚያ ይምረጡ» አለኝ። የሚነበብ ምግብ አልበላም ብዬ ወጣሁ። ሦስተኛው ሥጋ ብቻ ነው ያለው፤ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ። ባጃጆቹ ጡሩምባ ይነፉብኛል። እግሬ ዛለ።

ከጋሪ መቆሚያው ጀርባ ሰርክአዲስ የምትባል ሴት ሸራ ወጥራ ሽሮ ትሸጣለች። አግዳሚው ላይ አንድ ሽበታም ባለጋሪ ብቻውን ይበላል። እየበላ ፈረሱን በአገውኛ ያባብለዋል፤ ክንዴ ቤት በማይነገረው፣ በእናቴ ቋንቋ። ቆሜ ስሰማው ቀና አለና «እንብላ» አለኝ።

መቼም «እንብላ» የሚባለው ለወግ ነው። መንገደኛው «ይባረክ፣ ብሉ» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር። እጄን ታጠብኩና ከፊቱ ተቀመጥኩ።

የጠቀለለው እንጀራ አፉ አጠገብ ቆመ።

«ምነው? እንብላ አላሉኝም?»

«ብያለሁ» አለ። ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰና «ብዬ የተቀመጠልኝ ሰው ግን የለም።»

«እንግዲህ ተቀምጫለሁ።»

ፈገግ አለ። ትሪውን አዞረና ያልተነካውን ጎን ወደ እኔ አደረገው። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያደረገልኝ ሰው አልነበረም።

ትዕዛዙ ይባላል። እሱም ሚስቱ ሞታበታለች። ከዚያ ወዲህ ምሳዬ እዚያ ሆነ። ብዙ አናወራም። ባጃጅ ሥራውን እንደወሰደበት፣ ፈረሱም እሱም እንደዛሉ ይነግረኛል፤ እኔ ጉልበቴን አማርራለሁ። ከዚያ ፈረሱ ገለባ ሲያኝክ እንሰማለን። አንድ ቀን ሽሮው አልቆ እጃችን ትሪው ላይ ቀረ፤ ማናችንም ቀድመን አላነሣንም። በዚህ ዕድሜ ልብ እንዲህ ይመታል ብሎ የነገረኝ የለም።

ወሬው ክንዴ ዘንድ ደረሰ።

«እምዬ፣ ከባለጋሪ ጋር ሜዳ ላይ ትበያለሽ አሉ።»

«ሜዳ አይደለም፤ ሸራ አለው።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ እንብላ አለኝ።»

አልሣቀም። በማግስቱ ስሄድ ትዕዛዙ ጀርባውን ሰጥቶ ይበላል። ሰርክአዲስ ዓይኗን አሸሸች። አጠገቡ ቆምኩ። ቀና ብሎ አየኝና አቀረቀረ። እንብላ አላለኝም።

ለማያውቁት መንገደኛ የማይነፈገውን ቃል ነፈገኝ። እኔ ያረጀሁት ያን ቀን ነው።

«ምን በደልኩ?» አልኩት።

«ልጅዎ መጥቶ ነበር» አለ ዝግ ብሎ። «በክብር ነው ያነጋገረኝ። ‹እናቴን አያሰድቡብኝ› አለኝ። ከልጅዎ ላጣላዎ አልፈልግም። ደግሞም ደክሞኛል።»

«እኔስ ያልደከመኝ ይመስልዎታል? ሽሮውን የበሉት ከማን ጋር ነው፣ ከክንዴ ነው ከእኔ?»

«ከእርስዎ።»

«እንግዲያው ይስሙኝ። እሑድ ሽማግሌ ይላኩ። ሽማግሌዎቹ ክንዴ ደጅ ይቁሙ፤ ‹ተቀመጡ› ሲባሉም ጉዳያቸውን ሳይናገሩ እንዳይቀመጡ። እንደ ኮረዳ ይጠይቁኝ። ክንዴ አልሰጥም ካለ፣ ከጓዳ ወጥቼ እኔው ራሴን እሰጣለሁ።»

ሰርክአዲስ ማማሰያዋን እንደያዘች ቀረች። ትዕዛዙ ፈረሱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም።

«በዚህ ዕድሜያችን? ይሥቁብናል እኮ።»

«ይሣቁ። ሲያልፉኝ ከሚኖሩ ይሣቁብኝ። ሽማግሌው ለእሑድ ይሁን። አሁን ግን እንብላ ይበሉኝ፤ ቆሜ ደከመኝ።»