ማንም ያልጨረሰው መጽሐፍ

ይህ ተረት አይደለም። በጠራራ ፀሐይ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በገዛ መጽሐፍ መደብሬ ውስጥ፣ እኔው ላይ የደረሰ ነው።

አታምኑኝም አይደል? ድሮስ ከሽፋን አልፋችሁ መች ታውቃላችሁ...

በየሳምንቱ በዚሁ ቻናል አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ዘጋቢ ፊልም፣ አንድ የውይይት ፕሮግራም እጠቁማችኋለሁ። እናንተም ልብ ትለጥፉልኛላችሁ። መጽሐፉን ገዝታችሁ መስኮት አጠገብ ፎቶ ታነሱትና ለአቧራ ትሰጡታላችሁ።

ለአህያ ማር አይጥማትም ይባላል። አህያ ግን ቢያንስ ሳትቀምስ "ግሩም ነው!" ብላ አትዋሽም።

በቃ፣ አንገፈገፋችሁኝ። የሌለ መጽሐፍ ጠቆምኳችሁ።

ርዕሱን ፈጠርኩ። ታሪኩን ደግሞ በአንድ መስመር ጻፍኩ፦ የመጽሐፍ ሻጭ ሚስት መጽሐፍ ልታመጣ ወደ መጋዘን ትገባለች...

ከዚያ ወዲያ አልደከምኩም። ለማን ብዬ?

ባለቤቴ ነገሩን አልወደደችውም። "ሰው ላይ አትሳቅ፣ ደግ አይደለም" አለችኝ። እሷ የጀመረችውን መጽሐፍ ሳትጨርስ አታስቀምጥም። እንደ እናንተ አይደለችም።

ቅዳሜ ስለ መጽሐፉ ለመወያየት መደብሬ መጣችሁ። እኔ በሆዴ "ሊቁ" የምለው ባለ ሻርፕ ደንበኛዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

"መጽሐፉ ልብ ይነካል ጋሼ። በተለይ ሴትዮዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ስታንጠለጥለው..."

በሳቅ ልፈርስ ምንም አልቀረኝ።

ግን... እኔ ስለ መነጽር አልጻፍኩም።

መነጽሯን በክር የምታንጠለጥለው ባለቤቴ ናት። ፊቱ ተቀምጣለች፤ እሷን አይቶ ነው አልኩ። ውሸታም መቼም ያገኘውን ይለቅማል።

ከኋላ አንዲት ነርስ ቀጠለች። "እኔ የወደድኩት ባሏ ሲያንኮራፋ አፍንጫውን ቆንጠጥ አድርጋ ስትስቅ ነው።"

ሳቄ ደረቀ። ይህን ከእኔና ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ የለም።

"የት... የት አገኛችሁት?"

"እዚሁ ነዋ!" አላችሁ ባንድ ድምፅ። "መጋዘኑ ውስጥ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ።"

ባለቤቴ እየሳቀች ተነሳች።

"አለ እንዴ? ቆይ ላምጣው።"

"አትሂጂ!"

"ምን ነካህ አንተ? መጋዘን እኮ ነው።"

ገባች...

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ሊቁን በሻርፑ ያዝኩት። "ትመለሳለች?" አልኩት በሹክሹክታ። "መጨረሻው ላይ ትወጣለች ወይ?"

"እኔ... ገና ግማሽ ላይ ነኝ ጋሼ።"

"አንቺስ?" አልኳት ነርሷን።

"ሥራ በዝቶብኝ..."

አንዱ መግቢያውን ብቻ። አንዱ ጀርባውን ብቻ። ያን ሁሉ ስትቀባጥሩ መጨረሻውን ያየ አንድ ሰው ጠፋ! እናንተን ብሎ አንባቢ!

ከውስጥ ድምጿ መጣ።

"አገኘሁት..."

"ተይውና ነይ! በእናትሽ፣ አትክፈቺው!"

"ጨርሼው እመጣለሁ።"

በሩን በረገድኩት። መጋዘኑ መስኮት የለውም። ሌላ መውጫም የለውም።

ባለቤቴ የለችም። መጽሐፉም የለም።

ታችኛው መደርደሪያ ላይ መነጽሯ ከነክሩ ተቀምጧል። አነሳሁት... ገና ይሞቃል።

ከዚያ ወዲህ መደብሩን ለሰው አልከፈትኩም። መጋዘኑ በር ላይ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። በሩ ሲዘጋ ገጽ ሲገለጥ ይሰማኛል። ስከፍተው... ጭጭ።

እሷ ያለ መነጽሯ አንድ ፊደል አትለይም። ታዲያ የሚያነበው ማነው?

ፈርቻለሁ። ናፍቃኛለች። እናንተን ለመለመን እንኳ በቃሁ፦ የጨረሰው ካለ መጨረሻውን ይንገረኝ ብዬ ትናንት እዚሁ ጻፍኩ።

የመለሳችሁልኝ ልብ ነው። ጭብጨባ ነው። "ግሩም ጥቆማ!" ነው።

አሁንም በሩ ተዘግቷል። መነጽሩ ጉልበቴ ላይ ነው። ውስጥ ገጽ ተገለጠ...

የመነጽሩ መስታወት ትንፋሽ እንደነካው በጉም ተሸፈነ። ከዚያም ማንም ሳይነካው፣ እሷ ዘወትር በቀሚሷ ጫፍ ትጠርገው እንደነበረው፣ ከመሃሉ ጀምሮ ቀስ እያለ ጠራ...